መጠጥን ማቆምም ሐኪም ይሻል

በሀገራችን ስለ መጠጥ ጉዳት ያልተነገረ ነገር የለም ለማለት ይቻላል። ካህኑ በዐውደ ምሕረት፣ መምህሩ በትምህርት ቤት፣ አባት በቤቱ ሁሉም አንድ ቃል ይናገራሉ፤ ይኸውም «ተው» የሚል ነው። ምክሩ መልካም ነው፤ ተቃዋሚም የለውም። ነገር ግን «ተው» ከሚባሉት መካከል ለብዙ ዓመት በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረው፣ ይልቁንም ከመጠጡ ጋራ የአእምሮ ሕመም የተዳበለበት ሰው፣ መጠጡን በድንገት ባቆመ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን በሞትና በሕይወት መካከል ሊገኝ እንደሚችል የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት የምንፈልገው ይህንኑ ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ይህን ስንል ጠጪው በመጠጡ ይቀጥል ማለታችን አይደለም። በበዓል ቀን ጠላ የሚቀምስ፣ ወይም በሳምንት አንድ ምሽት ከጓደኞቹ ጋራ ቢራ የሚጠጣ ሰው ነገውኑ ቢያቆም ምንም አይደርስበትም። ንግግራችን የሚመለከተው ጠዋት ከመኝታው ሲነሣ እጁ የሚንቀጠቀጥበትን፣ መንቀጥቀጡንም ለማስቆም ቁርስ ሳይቀምስ አረቄ የሚጎነጨውን ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው የሚጠጣው ለደስታ አይደለም፤ ሰውነቱ ከመጠጡ ጋራ ተዋውሎ ስላደረ ነው። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዳሉት፣ ለዓመታት የተቋጠረውን ውል በአንድ ሌሊት ለመፍታት መጣደፍ ውጤቱ ብዙ ጊዜ መልካም አይሆንም።

ነገሩ እንዴት ታወቀ

እ.ኤ.አ. በ1813 ቶማስ ሰተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በጠጪዎች ላይ የሚታየውን ብርቱ መንቀጥቀጥና መቃዠት መርምሮ «ዴሊሪየም ትሬመንስ» የሚል ስም አወጣለት፤ ትርጓሜውም የሚያንቀጠቅጥ ቅዠት እንደ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ሐኪሞች በምክንያቱ አልተስማሙም። አንዳንዶቹ ሕመሙ የሚመጣው ከመጠጡ መርዝነት ነው ሲሉ፣ ሌሎቹ ጠጪው ምግብ ስለማይበላ ነው ይሉ ነበር። ቅዠቱን የሚያመጣው የመጠጡ መቋረጥ ነው የሚሉትም ነበሩ፤ ማስረጃ ግን አልነበራቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1953 ሞሪስ ቪክተርና ሬይመንድ አዳምስ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በቦስተን ከተማ ሆስፒታል 266 ጠጪዎችን ተከታትለው፣ መንቀጥቀጡ፣ የሚጥለው ሕመምና ቅዠቱ መጠጡ ከተቋረጠ በኋላ በየሰዓታቸው እየተከታተሉ እንደሚመጡ አሳዩ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1955፣ ሃሪስ ኢዝቤልና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በሌክሲንግተን ከተማ ፈቃደኛ የሆኑ ዐሥር እስረኞችን ከ7 እስከ 87 ቀን ድረስ አልኮል እያጠጡ፣ ምግባቸውንና ቫይታሚናቸውን ሳያጓድሉ አቆዩአቸውና በድንገት አስቆሟቸው። ለጥቂት ቀን የጠጡት ቀላል መንቀጥቀጥ ብቻ ሲደርስባቸው፣ ለረጅም ጊዜ ከጠጡት መካከል ግን የሚጥል ሕመም የያዛቸውና የቃዡ ነበሩ። እንዲህ ያለው ሙከራ ዛሬ በሕክምና ሥነ ምግባር የሚፈቀድ አይደለም፤ ቢሆንም ክርክሩን ዘጋው። ምግባቸው ያልጎደለ ሰዎች መጠጡ ሲቀርባቸው ከታመሙ፣ ሕመሙን ያመጣው መቋረጡ ነው ማለት ነው።

በአንጎል ውስጥ የሚሆነው

ምስጢሩን በምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። አንድ ሰው በሩን ከውጭ የሚገፋበት ጉልበተኛ ቢመጣበት፣ እሱም ከውስጥ ትከሻውን አስደግፎ ይገፋል። ውጭ ያለው በበረታ ቁጥር ውስጥ ያለውም ይበረታል፤ በሩም ባለበት ይቆማል። አሁን ውጭ ያለው ሰው በድንገት ዘወር ቢል፣ ውስጥ ያለው በራሱ ጉልበት ተወርውሮ ደጅ ይወድቃል።

አልኮልም በአንጎል ላይ የሚሠራው እንዲሁ ነው። አንጎላችን የሚያረጋጋው ኀይልና የሚያነቃው ኀይል አለው። መጠጥ የሚያረጋጋውን ያበረታል፣ የሚያነቃውን ያዳክማል። አንጎልም ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲል የማረጋጊያውን ኀይል እየቀነሰ የማንቂያውን እየጨመረ ለዓመታት ይለማመዳል። ስለዚህም ነው ጠጪው ብዙ መለኪያ ጨርሶ ያልሰከረ የሚመስለው። መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ ግን የማንቂያው ኀይል ያለ ልጓም ይቀራል፤ አንጎልም እንደ ደነበረ ፈረስ ይጋልባል።

አስጊዎቹ አራት ቀኖች

የመጨረሻው መጠጥ ከተጠጣ ከስድስት ሰዓት ያህል በኋላ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ የልብ ትርታ መፍጠንና እንቅልፍ ማጣት ይጀምራሉ። በአብዛኛው ሰው ዘንድ ነገሩ በዚሁ አልፎ በጥቂት ቀን ውስጥ ይበርዳል። በአንዳንዱ ላይ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ውስጥ የሚጥል ሕመም ይከተላል፤ ከዚያ በፊት ወድቆ የማያውቅ ሰው እንኳ ሊወድቅ ይችላል። ሌላው ደግሞ በአንደኛው ቀን ውስጥ ድምፅ ይሰማል፣ የሌለ ነገር ያያል።

ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ጥቂቶቹን የሚይዛቸው ሰተን ስም ያወጣለት ክፉ ቅዠት ነው። በሽተኛው ያለበትን ቦታና ጊዜ ይስታል፤ ዘመዱን አይለይም፤ በግድግዳው ላይ የሚርመሰመስ ነፍሳት ይታየዋል፤ ሰውነቱ በትኩሳት ይግላል፤ የደም ግፊቱ ይወጣል። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ ሕክምናው ሳይገኝ፣ እዚህ ደረጃ ከደረሱት ከሦስቱ አንዱ እስኪሞት ድረስ የከፋባቸው ሆስፒታሎች ነበሩ። ዛሬ በጊዜው የታከመ ከሆነ የሚሞተው ከመቶ አምስት አይሞላም። በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት መድኃኒቱና አስታማሚው ነው።

ሁለት ሕመም በአንድ ሰው

እስካሁን የተናገርነው ስለ መጠጥ ብቻ ነው። ነገሩ የሚወሳሰበው ጠጪው የአእምሮ ሕመምም ሲኖርበት ነው፤ ይህም ብርቅ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ከሃያ ሺሕ በላይ ሰው ተጠይቆ እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ ትልቅ ጥናት፣ የመጠጥ ችግር ካለባቸው ሰዎች ከመቶ 37ቱ በሕይወታቸው ዘመን ሌላ የአእምሮ ሕመምም የነበረባቸው ሆነው ተገኝተዋል። ስኪዞፍሬኒያ ከያዛቸው ሰዎች ደግሞ ከመቶ 47ቱ የመጠጥ ወይም የሌላ ዕፅ ችግር ነበረባቸው። ቁጥሩ የአሜሪካ ነው፤ ሁለቱ ሕመሞች መፈላለጋቸው ግን የየትም ሀገር ሐኪም የሚያየው ነገር ነው።

ምክንያቱም ለማስተዋል አያስቸግርም። ልቡ በድብርት የተጫነ ሰው፣ ወይም ጆሮው የማይተወውን ድምፅ ለማደንዘዝ የሚፈልግ ሰው፣ መድኃኒት ቤት ከመሄድ መጠጥ ቤት መሄድ ይቀልለዋል። መጠጡ ለአንድ ምሽት ያሳርፈዋል፤ በማግሥቱ ድብርቱን ጨምሮ ይመልስለታል። በሌላውም በኩል፣ ጤነኛ ሆኖ መጠጥ የጀመረ ሰው ከመጠጡ የተነሣ ሊደበር፣ ሊጠራጠር፣ ራሱን ለማጥፋትም ሊያስብ ይችላል። ስለዚህ «የቀደመው የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ለሐኪሙ እንኳ ከባድ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ብርሃን የሰጠው ሳንድራ ብራውንና ማርክ ሹኪት እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት ጥናት ነው። መጠጥ ለማቆም ሆስፒታል የገቡ 191 ወንዶች ሲመረመሩ፣ በገቡበት ሰሞን ከመቶ 42ቱ ብርቱ የድብርት ምልክት ታየባቸው። ሳይጠጡ አራት ሳምንት ከቆዩ በኋላ ግን ምልክቱ የቀረባቸው ከመቶ 6 ብቻ ነበሩ። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ጠጪው ባቆመ ሰሞን የሚታይበት ጭንቀት ሁሉ የዕድሜ ልክ ሕመም ነው ብሎ ለመፍረድ መቸኮል አይገባም። ሁለተኛ፣ ጭጋጉ ከተገፈፈ በኋላም ድብርቱ ያልለቀቃቸው ሰዎች አሉና፣ እነዚህን «መጠጡን ስለ ተዉ ድነዋል» ብሎ ማሰናበት በደል ነው።

ሦስት ስሕተቶች

መጠጡና የአእምሮ ሕመሙ ሲደባለቁ የሚሠሩ ስሕተቶች ሦስት ናቸው ልንል እንችላለን።

የመጀመሪያው፣ መጠጡ በመቋረጡ የሚቃዠውን ሰው «አበደ» ብሎ አስሮ ማስቀመጥ ነው። ልዩነቱ ግን ላስተዋለው ሰው ይታያል። ቅዠቱ በሰዓታት ውስጥ የጀመረ፣ በሽተኛው ላብ ያጠመቀው፣ የሚያተኩስና የሚንቀጠቀጥ፣ ቀኑንና ቦታውን የሳተ እንደ ሆነ፣ ሕመሙ በዚያው ቀን ሐኪም የሚያስፈልገው የሰውነት ሕመም ነው። ገመድ ግን ሙቀቱንና ድካሙን ከመጨመር በቀር የሚፈይደው ነገር የለም።

ሁለተኛው ስሕተት ወደ ሕክምናው ዘልቆ የሚገባ ነው። በሽተኛው ቀድሞ የአእምሮ ሕመምተኛ መሆኑ ስለሚታወቅ፣ «ሕመሙ ተነሥቶበታል» ተብሎ ክሎርፕሮማዚንን የመሰለ የእብደት መድኃኒት ብቻውን ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች በ537 በሽተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ልዩ ልዩ መድኃኒቶችን ሲያወዳድር፣ ክሎርፕሮማዚን የወሰዱት ከሌሎቹ ይበልጥ በሚጥል ሕመም ሲወድቁ፣ ክሎርዲያዜፖክሳይድ የወሰዱት ግን እጅግ ጥቂቶቹ ብቻ ወድቀዋል። ስለዚህ የእብደት መድኃኒት የሚያስፈልገው በሽተኛ ቢሆንም፣ መጠጡን የሚተካው ማረጋጊያ ቀድሞ ሊሰጠው ይገባል።

ሦስተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። ሁሉም ነገር በመጠጡ ተመካኝቶ፣ በሽተኛው ቀድሞ ይወስደው የነበረው የአእምሮ መድኃኒት ይቋረጣል፤ ወይም ማንም ሳይጠይቀው ይረሳል። ለምሳሌ ሊቲየም የሚወስድ ሰው በማስመለስና በማላብ ውሃ ከሰውነቱ ሲያልቅ፣ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ከልክ አልፎ ሊመርዘው ይችላል። የሚያስፈልገው በግምት ማቆም ሳይሆን ደሙን መርምሮ መጠኑን ማስተካከል ነው።

በሐኪም ቤት የሚደረገው

የመላቀቂያው ሕክምና ዋና ሐሳብ ከላይ በሰጠነው ምሳሌ ይገባል፤ ውጭ ሆኖ በሩን የሚገፋውን ሰው ቀስ በቀስ እንዲለቅ ማድረግ ነው። ለዚህ የሚያገለግሉት ከአልኮል ጋራ ተመሳሳይ በሆነ መንገድ አንጎልን የሚያረጋጉ መድኃኒቶች ናቸው። ከእነዚህ የመጀመሪያው ክሎርዲያዜፖክሳይድ እ.ኤ.አ. በ1960፣ በሀገራችንም ይበልጥ የሚታወቀው ዳያዜፓም እ.ኤ.አ. በ1963 ለገበያ ቀረቡ። ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን በቂ መጠን ሰጥቶ፣ በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ እየቀነሰ ያቆመዋል። ጉበቱ የተጎዳ ከሆነ ደግሞ እንደ ሎራዜፓም ያለውን ይመርጥለታል።

ከዚህ ጋራ ቫይታሚን ቢ አንድ፣ ማለትም ታያሚን፣ በመርፌ ይሰጠዋል። ካርል ቬርኒከ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1881 የገለጸው፣ ዓይንን የሚያንቀዋልል፣ አረማመድን የሚያናጋ፣ አእምሮንም የሚያደበዝዝ ሕመም የሚመጣው ከዚህ ቫይታሚን ማነስ ነው። በጊዜው ካልታከመ የማስታወስ ችሎታን ለዘለቄታው ይሰርቃል። የተራበ ጠጪ ያለ ታያሚን ግሉኮስ ብቻ ቢሰጠው ሕመሙ ሊባባስበት ስለሚችል፣ ሐኪሞች ታያሚኑን ያስቀድማሉ።

ነርሷ በየጥቂቱ ሰዓት እየመጣች መንቀጥቀጡን፣ ላቡን፣ ጭንቀቱንና የቀሩትን ምልክቶች እየለካች ነጥብ ትሰጣለች። በብዙ ሀገር የሚሠራበት መለኪያ ዐሥር ጥያቄዎች ያሉት፣ ድምሩም እስከ 67 የሚደርስ ነው። የአእምሮ ሕመም ባለበት ሰው ላይ ግን ይህ መለኪያ ብቻውን አይታመንም፤ ጭንቀቱና የሚሰማው ድምፅ ከመጠጡ መቋረጥ ሳይሆን ከቆየው ሕመሙ የመጣ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ የልብ ትርታውን፣ ሙቀቱንና የደም ግፊቱን አብሮ ማየት፣ የቀድሞ ታሪኩንም ከቤተ ሰቡ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመሞት ሐሳብ ያለበት እንደ ሆነም ብቻውን አይተውም። ክፍሉ ጸጥታና በቂ ብርሃን ያለው ሆኖ፣ የሚያውቀው አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ስሙን እየጠራ ያለበትን ቦታ ቢነግረው፣ ይህም እንደ መድኃኒት ይቆጠራል።

ከሳምንት በኋላ በሽተኛው ምግብ በልቶ፣ እንቅልፍ ተኝቶ ሲታይ፣ ቤተ ሰቡ «ተፈጸመ» ብሎ ያስባል። እውነቱ ግን ሥራው ገና መጀመሩ ነው። መላቀቂያው ሰውየውን በሕይወት ወደ ሕክምናው በር ያደርሰዋል እንጂ ሱሱንም ሆነ ድብርቱን አያድንም። ሱሱን አንድ ሐኪም፣ የአእምሮውን ሕመም ሌላ ሐኪም በየፊናቸው እንዲያክሙት ከማመላለስ፣ ሁለቱን በአንድ ቦታ አንድ ላይ ማከም እንደሚሻል የዘርፉ ባለሙያዎች የተስማሙበት ነው።

በሀገራችን

በኛ ሀገር ጠጪ በድንገት መጠጥ የሚያቆምባቸው አጋጣሚዎች ብዙ ናቸው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ይተዋል፤ ስለት ተስሎ ይተዋል፤ ጠበል ሲገባ ይተዋል። ሳይፈልግ የሚተውበትም ጊዜ አለ። ተጣልቶ ፖሊስ ጣቢያ ያደረ፣ ወይም እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል የተኛ ጠጪ በሦስተኛው ቀን ቢቃዥ፣ «ምን ነካው?» ብሎ የሚደነግጠው ብዙ ነው፤ «ይጠጣ ነበር ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። ይህች አንዲት ጥያቄ ሕይወት ታድናለች።

እምነትና ሕክምና ይጣላሉ የሚል ካለ ተሳስቷል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበላቸውን ከመድኃኒታቸው ጋራ እንዲወስዱ አሳስበው ነበር። በእንጦጦ ማርያም ጠበልም ካህናትና የአእምሮ ሐኪሞች ተባብረው፣ ሕሙማን ጠበሉን ሳይተዉ መድኃኒት የሚያገኙበት ሥራ ተሠርቷል። ስለዚህ ሊጾም ወይም ሊጠመቅ ያሰበ ብርቱ ጠጪ፣ አስቀድሞ ሐኪም ቢያይ ከሃይማኖቱ አላጎደለም።

የሕክምናው ቦታ ግን ዛሬም ጥቂት መሆኑን አንክድም። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በሀገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ሐኪሙ ለዚህ ትምህርት ባሕር ማዶ መሻገር ነበረበት። ኋላም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ፕሮግራም መሠረት፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች የአእምሮና የሱስ ሕመሞችን እንዲያክሙ የማሠልጠኑ ሥራ በሀገራችን ተጀምሯል። ቀላሉ የመላቀቂያ ሕክምና ከጤና ጣቢያ ወይም ከአጠቃላይ ሆስፒታል አቅም በላይ አይደለም። ቀድሞ ወድቆ ወይም ቃዥቶ የሚያውቅ፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት፣ ወይም የመሞት ሐሳብ የያዘው ሰው ግን ሆስፒታል ተኝቶ መታከም አለበት።

ወጣቱ ምን ያድርግ?

ይህን ገጽ ከሚያነቡት ብዙዎቹ ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመሩ ወጣቶች ናቸው። በትምህርታቸውም ምክንያት በቤተ ሰባቸው ዘንድ ቃላቸው ይሰማል። አጎታቸው ወይም ታላቅ ወንድማቸው «ከነገ ጀምሮ አልጠጣም» ብሎ ሲምል እልል ከማለታቸው በፊት፣ «ጋሼ፣ ውሳኔህ መልካም ነው፤ ግን አብረን ሐኪም ቤት ደርሰን እንምጣ» ቢሉት ትልቅ ውለታ ዋሉለት። ሐኪሙም ዘንድ ሲደርሱ ምን ያህል እንደሚጠጣ፣ የመጨረሻውን መጠጥ መቼ እንደ ጠጣ፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ሳይደብቁ ይናገሩ። ሐኪም ቤቱ ሩቅ ሆኖ መድረሻው ቀን የሚፈጅ እንደ ሆነ፣ እጁ የሚንቀጠቀጠውን ሰው እስኪደርስ ድረስ መጠጡን በግድ አያስቁሙት። ከወደቀ ወይም መቃዠት ከጀመረ ግን በዚያው ሰዓት ይወሰድ። ዳያዜፓምን ከመድኃኒት ቤት በራስ ፈቃድ ገዝቶ መስጠት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ከመጠጥ ጋራ ሲገናኝ ትንፋሽ ያቆማል፤ ራሱም ሱስ ይሆናል።

በመሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነው። ዛሬ ወጣት የሆነው ሠራተኛ ነገ የክፍል ኀላፊ ይሆናል። በእሱ ሥር ያለው ሠራተኛ እጁ እየተንቀጠቀጠ ቢመጣ፣ ደመወዙን ከመቁረጡ በፊት የሕክምና ፈቃድ ይስጠው፤ ታክሞ ሲመለስም ወንበሩን ይጠብቅለት። ሰውየው ሕመሙን የሚደብቀው አብዛኛውን ጊዜ እንጀራውን እንዳያጣ ፈርቶ ነውና። «ተው» የሚለውን ምክር ለሚሰጥ ሰው ሁሉ፣ ከቃሉ ቀጥሎ ተመካሪውን ወደ ሐኪም የሚያደርስ እጅ መዘርጋትም ግዴታው መሆኑን እያሳሰብን ጽሑፋችንን በዚሁ እንፈጽማለን።